ፊደል መሃሉ ላይ ሲቆረጥ፦ የአንድ የጊት ፓች ሪቪው ማስታወሻ

ኅዳር 8፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። መብራት አለ፣ ዳታም ገዝቻለሁ። ዛሬ ለጊት የቀረበ አንድ ፓች፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያ፣ ሪቪው ለማድረግ ተቀምጫለሁ። እስኪያልቅ ድረስ የማገኘውን እዚህ እጽፋለሁ።

ጊት የፕሮግራም ጽሑፍ ሲቀየር ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2005 ለሊኑክስ ከርነል ሥራ ብሎ ጀመረው፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ደግሞ ለጁኒዮ ሃማኖ አስረከበው። አብዛኛው በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው። እኔ ለእንጀራዬም ለእድራችንም እጠቀምበታለሁ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤው፣ የአባላት ዝርዝሩ፣ የመዋጮ መዝገቡ ሁሉ ጊት ውስጥ ነው። የፋይሎቹ ስም በአማርኛ ነው። ከእኔ በኋላ ጸሐፊ የሚሆነው ሰው ፎልደሩን ሲከፍት ያለ አስተርጓሚ እንዲገባው ስለምፈልግ ነው።

ግን ጊት እንዲሁ እንደመጣ የአማርኛ ስም አያሳይም። ‹ሰላም› ብላችሁ የሰየማችሁት ፋይል እንዲህ ሆኖ ይወጣል፦

"\341\210\260\341\210\213\341\210\235"

አንድ የአማርኛ ፊደል ዛሬ ኮምፒውተሮች ጽሑፍ በሚያስቀምጡበት አሠራር፣ በዩቲኤፍ 8፣ ሦስት ባይት ይይዛል። ጊት ደግሞ እያንዳንዱን ባይት በአንድ ጭረትና በሦስት አኃዝ ይጽፈዋል። ስለዚህ አንዷ ‹ሰ› ብቻዋን አሥራ ሁለት ምልክት ሆነች ማለት ነው። ኮር ኮትፓዝ የሚባለውን ማስተካከያ ፎልስ ስታደርጉት ይሄ ሁሉ ይቀርና ስሙ በፊደሉ ይታያል። አማርኛ ስም የምትጠቀሙ ሁሉ ዛሬውኑ አድርጉት።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጊት ዲፍን ‹ስታት› በሚለው አማራጭ ስትጠሩት የተቀየሩትን ፋይሎች በዝርዝር ያወጣል፤ በግራ ስም፣ በቀኝ የመስመር ብዛትና የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች። ስሙ ለቦታው ከረዘመ ከፊቱ ይቆርጥና ሦስት ነጥብ ያደርግለታል። እኔ ተርሚናሌን፣ ትእዛዝ የምጽፍበትን መስኮት፣ ለሁለት ከፍዬ ስለምሠራ ቦታው ጠባብ ነው፣ ስሞቼም ረጃጅም ናቸው። ብዙ ጊዜ ከነጥቦቹ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ አያለሁ። ፓቹ ይሄንን አስተካክላለሁ ይላል። ለዚህ ነው የያዘኝ።

ኅዳር 9

ፓቹን ከማንበቤ በፊት ችግሩን ራሱን በእጄ ማውጣት ፈለግሁ። ይሄን ልማድ አልተውም። መጀመሪያ ፓቹን ካነበብኩ ጸሐፊው ያየውን ብቻ ነው የማየው።

ባዶ ሪፖ፣ ማለትም አዲስ የጊት ማከማቻ፣ ከፈትኩ። አንድ ፋይል፦

የኅዳር_ወር_መደበኛ_ስብሰባ

14 ፊደል፣ 3 የታች ሰረዝ። ተርሚናል ላይ 17 ቦታ ይይዛል። በባይት ግን 45 ነው። የስም ስፋቱን በ15 ገደብኩትና ስታት አልኩ። ይኸውላችሁ፣ ሦስት ነጥብ፣ አልማዝ፣ ከዚያ ‹ዳር_ወር_መደበኛ_ስብሰባ›። ቆጠርኩት፦ 19 ቦታ። 15 ብዬው ነበር። የመስመር ብዛቱ ዓምድ አራት ቦታ ወደ ቀኝ ተገፍቷል።

ከዚያ ዲፍ ዶት ሲ የሚባለውን የጊት ኮድ ፋይል ከፈትኩ። ስሙ ስንት ቦታ እንደሚይዝ የሚለካው በትክክል ነው፤ በዓምድ፣ ማለትም ተርሚናል ላይ በሚይዘው ቦታ፣ ነው የሚቆጥረው። 17 ይላል። ከ15 ላይ ለነጥቦቹ ሦስት ሲቀነስ 12 ይቀራል። 17 ሲቀነስ 12፣ 5። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን ያንን 5 ይወስድና ስሙን አምስት ባይት ወደፊት ይገፋዋል። አምስት ዓምድ መዝለል ሲገባው አምስት ባይት! ‹የ› ሦስት ባይት ናት፣ ሄደች። የቀረው ሁለት ባይት ከ‹ኅ› ላይ ተቆረሰ። የ‹ኅ› ሦስተኛ ባይት ብቻዋን ቀረች፤ አልማዙ እሷ ናት።

ደግሞ እዚያው ኮዱ ውስጥ ‹ይሄ ሥራ ይቀረዋል› የሚል ማስታወሻ አለ፤ ዓምድና ባይት እንደተቀላቀሉ፣ ስሙ ተቆርጦም ከቦታው ሊተርፍ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ያዩት ሰዎች ነበሩ። በእንግሊዝኛ ስም ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን አንድ ፊደል አንድ ባይት አንድ ዓምድ ነው፣ ስለዚህ አይነካውም። ማስተካከያውን ፎልስ ላላደረገም አይታይም፣ ስሙ ሁሉ አኃዝ ሆኖ ነዋ የሚወጣለት።

በፎልደር ውስጥ ያለውንም ሞከርኩ። ‹ቃለ_ጉባኤ/የኅዳር_ወር_መደበኛ_ስብሰባ›። 24 ቦታ፣ 62 ባይት። እዚህ አልማዙ አልወጣም። ለምን? ኮዱ ከቆረጠ በኋላ ቀጣዩን የፎልደር መለያ ጭረት ይፈልግና ስሙን ከዚያ ያስጀምረዋል። መቁረጡ ‹ባ› ላይ ወድቆ ነበር፣ ጭረቱ ሸፈነው። ስፋቱ ግን 21 ሆኖ ወጣ፤ ስድስት ትርፍ። ይሄኛው ነው የሚያሳስበኝ። አልማዙን ያየ ሰው ችግር እንዳለ ያውቃል፣ ይሄን ያየ ግን የራሱን ተርሚናል ነው የሚጠረጥረው። እኔ ራሴ ከዓመት በላይ የፎንት ችግር ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ኅዳር 10

ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ላይ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ባትሪ አለ። ኮምፓይል ማድረጉን፣ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየሩን፣ ትቼ ፓቹን አነበብኩ፤ ማንበብ ባትሪ አይበላም።

ፓቹ አጭር ነው። አምስት ባይት በአንዴ በመግፋት ፈንታ አንድ አንድ ፊደል እያነሳ ይሄዳል። ለዚህም ጊት ውስጥ ያለ አንድ ፈንክሽን ይጠራል። ‹ዩቲኤፍ 8 ዊድዝ› ይባላል፤ ጠቋሚውን፣ ንባቡ የት እንደደረሰ የሚይዘውን አድራሻ፣ ወደሚቀጥለው ፊደል ያሳልፍና ያለፈው ፊደል ስንት ዓምድ እንደያዘ ይመልሳል። የተረፈው ስፋት እስኪመጥን ይደጋገማል። አዲስ ነገር አልፈጠረም፣ ያለውን ነው የተጠቀመው። ይሄ ደስ ይለኛል። ጊት ውስጥ የፊደል ስፋት ሰንጠረዥ አለ፤ በእጅ ሌላ መቁጠሪያ ጽፎ ቢሆን መጀመሪያ የምለው ‹ይሄን አውጣው› ነበር።

በወረቀት አሰላሁት። 17፣ አምስት ፊደል ይነሳል፦ የ፣ ኅ፣ ዳ፣ ር፣ የታች ሰረዝ። የሚቀረው ‹ወር_መደበኛ_ስብሰባ›፣ ልክ 12። ከነጥቦቹ ጋር 15። በፎልደር ያለውም አሥራ ሁለት ተነሥቶለት እዚያው ላይ ያርፋል። ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት ሆነው ታዩ ማለት ነው፤ ግን በጠባብ ቦታ በእንግሊዝኛ ስምም እንደዚያው ነው፣ ይሄን በዚህ ፓች ላይ አልጭንም።

የኮሚት መልእክቱ፣ ከለውጡ ጋር የሚቀመጠው ማብራሪያ፣ ግን ደካማ ነው። ‹የስም መቁረጥ ስህተት ተስተካከለ› ዓይነት ነገር ነው የሚለው። የጊት ልማድ ሌላ ነው። መጀመሪያ ዛሬ ምን እየሆነ እንዳለ ይነገራል፣ ተጠቃሚው ምን እንደሚያይ፣ ለምን ስህተት እንደሆነ፣ ከዚያ ኮዱን እንደምታዝዙት በትእዛዝ ቋንቋ ‹እንዲህ አድርግ› ይባላል። ከመጨረሻው ኮዱን የመስጠት መብት አለኝ ብሎ በስሙ መፈረም አለ፤ እሱን ፈርሟል። ከአሥር ዓመት በኋላ ይሄን መስመር ማን፣ ለምን እንደጻፈው የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ያቺን መልእክት ብቻ ነው። የእድር ቃለ ጉባኤም እንደዚሁ አይደል? ‹ተወያይተን ወሰንን› ብቻ ተብሎ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ምን ያህል እንደሚያጨቃጭቅ እኔ አውቃለሁ።

መብራት ማታ 3 ሰዓት ላይ መጣ። ኮምፓይል አድርጌ ፓቹን ሞከርኩት። አልማዙ የለም። ግን ዓምዱ አሁንም ትንሽ የተዛነፈ መሰለኝ! ደነገጥኩ። ልጽፍለት ስል ቆም አልኩና ውጤቱን ወደ ፋይል አውጥቼ ፊደሎቹን ቆጠርኩ። ልክ 15 ነው። የሚያዛንፈው የእኔ ተርሚናል ነው። በስሌቱ አንድ ፊደል አንድ ዓምድ ነው፣ የኔ ፎንት ግን ‹ኛ›ንና ‹ጉ›ን ከአንድ ዓምድ አስፍቶ ይስላቸዋል። ይሄ የፓቹ ጥፋት አይደለም። ሳልቆጥር ብልከው ኖሮ ጸሐፊው የሌለ ስህተት ሲፈልግ ቀናት ያጠፋ ነበር።

ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከየብሎኩ ሥር ቆሻሻ እየተቃጠለ ነው፣ ጭሱ እስከ ፍጥነት መንገዱ መግቢያ ድረስ ተኝቷል። በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ የተጀመረ ልማድ ነው ይባላል። ከጎን ያሉት እማማ በር አንኳኩተው ‹ልጄ መስኮትሽን ዝጊ፣ ያ ኮምፒውተርሽ ጭስ ይጠጣል፤ ነይ ደግሞ ቡና ጠጪ› አሉኝ። ሁለተኛውን ጠጥቼ ተመለስኩ፣ በረካው ይለፈኝ ብዬ። አንድ ሐሳብ መጥቶብኝ ነበርና።

ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም የግድ ዩቲኤፍ 8 መሆን አያስፈልገውም። ከፎልደር መለያው ጭረትና ከዜሮ ባይት በቀር ማንኛውም ባይት ይገባል። ይሄን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። እድሩን ስረከብ የቀድሞው ጸሐፊ አንድ ፍላሽ ሰጥተውኝ ነበር። ውስጡ ያለው ዚፕ ሲፈታ ግማሾቹ ስሞች ዩቲኤፍ 8 ያልሆነ ባይት ይዘው ወጡ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999፣ በፈረንጆቹ፣ በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ሰው ያልተዋቸው መጻፊያዎች፣ ፊደሉን በላቲን ፊደላት የኮድ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። የብዙ ቤት መዝገብ ዛሬም እንደዚያ ነው።

እና ያ ፓቹ የሚጠራው ፈንክሽን ልክ ያልሆነ ባይት ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ሄጄ አነበብኩ። ጠቋሚውን ባዶ ያደርገዋል፣ ዜሮ ይመልሳል። ጠሪው ‹ባዶ ሆነ ወይ?› ብሎ መጠየቅ አለበት። የፓቹ ዙር አይጠይቅም። ዜሮ ተቀንሶ ስፋቱ አይቀንስም፣ ስለዚህ ዙሩ ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው ዙር ከባዶ አድራሻ ለማንበብ ይሄዳል።

ሞከርኩት። ስሙ በባይት 341 ጀምሮ ወዲያው ሃያ ተራ የላቲን ፊደል የሚከተለው ፋይል። 341 ‹ሁለት ባይት ይከተለኛል› የምትል ባይት ናት፣ የሚከተላት ግን የለም። ስታት አልኩ።

ሴግሜንቴሽን ፎልት።

ጊት ሞተ። ፓቹ ሳይገባ በፊት በነበረው ጊት ሞከርኩ፦ አስቀያሚ ነገር ያወጣል፣ ግን ይሠራል። ስለዚህ ይሄ አዲስ የመጣ ጥፋት ነው። ጂዲቢ በሚባለው የስህተት መፈለጊያ አየሁት፣ የሞተበት ቦታ ያነበብኩት ቦታ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ የተበላሸው ባይት በሚቆረጠው ክፍል ውስጥ ካልሆነ ምንም አይሆንም፣ ዙሩ ሳይደርስበት ያበቃል። ስሙ አጭር ከሆነም አይነካም። ለዚህ ነው በቀላሉ የማይታየው። የሚመታው ረጅም ስም ያለው፣ አሮጌ ፋይል የያዘ ሰውን ነው። እንደኛ ያለውን።

ጸሐፊው ሰነፍ ነው ብዬ አላስብም። ኮዱ ንጹሕ ነው። እሱ ቤት እንዲህ ያለ ፍላሽ የለም፣ እኔ ቤት አለ።

ኅዳር 13

ሪቪውን ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያው ‹ይሄ ጊትን ይገድላል› ብሎ ይጀምር ነበር፣ እውነት ቢሆንም ሰው እንዲህ አይነገርም። ያልተከፈለበትን ሥራ ይዞ ለመጣ ሰው መጀመሪያ የሠራው ልክ መሆኑ ይነገረዋል። በተለይ የኔን ችግር ለፈታልኝ።

የላክሁት በአጭሩ ይሄ ነው። ችግሩን እዚህ አውጥቼዋለሁ፣ አካሄድህ ትክክል ነው፣ ያለውን ፈንክሽን መጠቀምህም ጥሩ ነው። አንድ መግባት የሌለበት ነገር አለ፦ ጠቋሚው ባዶ ሲሆን። ችግሩን የሚያወጣው ትእዛዝ ይኸው። የኔ ሐሳብ፣ ባዶ ከሆነ ወደነበረበት መልሰህ አንድ ባይት አሳልፍ፣ እንደ አንድ ዓምድም ቁጠረው። ጊት የሙሉ ስሙን ስፋት ሲለካም ስሙ ከተበላሸ ወደ ባይት ብዛት ነው የሚመለሰው፣ ስለዚህ ሁለቱ ይስማማሉ።

ፈተናው ላይ ሁለት ነገር አልኩ። የስታት ፈተናዎች ቲ4052 በሚባለው ፋይል ውስጥ ናቸው፤ እሱ የጨመረው ‹ኤ› ላይ ጭረት ያለባትን የፈረንሳይኛ ፊደል ነው። እሷ ሁለት ባይት ናት። ከዚያ ይልቅ የእኛን ፊደል አስገባ አልኩት፣ ለአገር ፍቅር ብዬ ብቻ አይደለም። የፈረንሳይኛዋ በዩኒኮድ በሁለት መንገድ ትጻፋለች፤ እንደ አንድ ፊደል፣ ወይም ‹ኤ›ና ጭረቷ ተለያይተው። የድሮዎቹ ማኮች የፋይል ሥርዓት ከአንዱ ወደ ሌላው ሊቀይራት ይችላል፣ ያኔ የባይት ብዛቱ ይለወጣል። ‹ስ› ግን ምንም ብትሆን ‹ስ› ናት፣ አትበተንም። ደግሞ ሦስት ባይት ስለሆነች ስህተቱን አጉልታ ታሳያለች።

ሁለተኛው፣ የተበላሸውን ስም የሚፈትን ፈተና ያስፈልጋል፣ ግን ፋይሉን ዲስክ ላይ አትፍጠረው። አዲሶቹ ማኮች እንዲህ ያለ ስም አይቀበሉም። አፕዴት ኢንዴክስ በሚባለው ትእዛዝ ስሙን በቀጥታ የጊት ኢንዴክስ፣ ለቀጣዩ ኮሚት የሚዘጋጀው ዝርዝር፣ ውስጥ አስገባው፣ ከዚያ ካሽድ በሚለው አማራጭ ስታት በለው። ዲስኩን ሳይነካ ይፈተናል።

እንደማያግድ የጻፍኩት አንድ ነገር አለ። በፊደላችን ላይ ድምፅ መጥበቁን የሚያሳይ ምልክት አለ፣ ሁለት ነጥብ ከላይ፤ ለምሳሌ ‹ገና› በዓሉን ‹ገና› ከሚለው ቃል ለመለየት። ሦስት ባይት ነው፣ ዜሮ ዓምድ። መቁረጡ ልክ ከፊቱ ካረፈ ምልክቱ ባለቤቱን አጥቶ ከሦስቱ ነጥቦች የመጨረሻዋ ላይ ይቀመጣል። ከስፋቱ በኋላ ያሉትን ዜሮ ዓምድ ምልክቶችም አብሮ ቢያነሣቸው ጥሩ ነበር። የፋይል ስም ላይ ይሄን የሚጽፍ ግን አላየሁም፣ ስለዚህ ለእሱ ተውኩለት።

አራት ባይት የሚይዙትንም ሞክሬያለሁ። በ2021 ዩኒኮድ 14 ላይ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የተጨመሩት ፊደላት እንደ ሌሎቹ ሦስት ሳይሆን አራት ባይት ናቸው። በትክክል ተቆረጡ። ይሄንንም ጻፍኩለት፤ የሠራውን መናገርም የሪቪው ሥራ ነው።

ኅዳር 14፣ 15፣ 16

የመሥሪያ ቤት ሥራ በዛ። ምላሽም አልመጣም።

ኅዳር 17

ሁለተኛው እትም መጣ! ሙሉውን እንደ አዲስ አላነበብኩም። ጊት ውስጥ ሬንጅ ዲፍ የሚባል ትእዛዝ አለ፣ የአንድ ፓች ሁለት እትሞችን ያወዳድራል፤ የተቀየረው ብቻ ነው የሚታየው። ሁለተኛ እትም እንደገና ከዜሮ የሚያነብ ሰው ይደክመውና ዋናው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ያልፈዋል።

ባዶ ጠቋሚው ተይዟል። አንድ ባይት፣ አንድ ዓምድ። የኮሚት መልእክቱ አሁን ታሪክ ይናገራል፦ ዛሬ ምን ይሆናል፣ ማን ይጎዳል፣ ምን ይደረግ። ፈተናው ውስጥ ፊደላችን አለ። ጸሐፊው ማንበብ ስለማይችል ባይቶቹን በአኃዝ ነው የጻፈው፤ 341 210 ብሎ ሲጀምር ሳየው አወቅኋት። የዜሮ ዓምዱን ነገር ግን አልነካም፣ ‹ለብቻው ፓች ይሁን› ብሏል። ትክክል ነው። አንድ ፓች አንድ ነገር ይሥራ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ፈተናው ያለ ጥገናው መውደቅ አለበት፣ አለዚያ ምንም አልፈተነም። ዲፍ ዶት ሲን ወደ ድሮው መልሼ ቲ4052ን ብቻ አስኬድኩ። የስፋቱ ፈተና ወደቀ፣ ጥሩ። የተበላሸው ስም ፈተና ግን አለፈ። ትንሽ አሰብኩ፤ የድሮው ኮድም አይሞትም ነበር፣ ስለዚህ ማለፉ ልክ ነው። እሱን የሚጥለው የመጀመሪያው እትም ነው። የመጀመሪያውን እትም ኮድ አስገብቼ አስኬድኩት፣ ወደቀ። አሁን ገባኝም አመንኩም።

ኅዳር 18፣ ሌሊት 5 ሰዓት

ጅቦቹ ከወንዙ ማዶ ጀምረዋል። ሙሉውን ፈተና በአድሬስ ሳኒታይዘር ኮምፓይል አድርጌ አስኬድኩት። ይሄ መሣሪያ ፕሮግራሙ የማይገባው ቦታ ቢያነብ ወዲያው ይጮሃል፣ ግን ሁሉን ነገር ያዘገየዋል። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ማታ 2 ሰዓት ጀምሮ አሁን ነው የጨረሰው። መብራት እንዳይሄድ ስጸልይ ነበር። ሁሉም አለፈ።

‹አንብቤዋለሁ፣ ሞክሬዋለሁ፣ በእኔ በኩል ዝግጁ ነው› ብዬ ጻፍኩለት፣ ስሜንም በገምጋሚነት እንዲያስገባው ፈቀድኩ። ይግባ አይግባ የሚወስነው የጊት ኃላፊው ነው።

ከዚያ የእድሩን ሪፖ ከፍቼ በዚህ ባጠናቀርኩት ጊት ስታት አልኩ። ጠባቡ መስኮት ላይ፣ ከሦስቱ ነጥቦች ቀጥሎ፣ ‹ወር_መደበኛ_ስብሰባ›። ‹ወ›ዋ ሙሉ ናት። የፍላሹን ፋይሎች ነገ ስማቸውን ወደ ዩኒኮድ እቀይራለሁ፤ አንዱን ግን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፣ ለሚቀጥለው ፓች።